በቀኖና የተሰጠች ጎረቤት

ገላነሽ ዕድሜዋን ሙሉ ትእዛዝ ስትሰጥ እንጂ ስትቀበል አልኖረችም። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አቦከር ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለች። «ትእዛዝ፦ ቀጥሎ ያሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ» ብላ ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ፣ በመስኮቱ ማዶ የሚጮኸው ቁራ እንኳ አፉን ይይዝ ነበር ይባላል። ከመንዝ ተመድባ ሐረር ስትመጣ ሻንጣዋ አንድ ነበር፤ ሐሳቧም ትንሽ አስተምሮ ወደ ሀገር መመለስ። ሐረር ግን እንግዳዋን በአንድ ጊዜ አፈፍ አድርጋ አትይዝም። ዛሬ በማንጎ፣ ነገ በጨዋታ፣ ከነገ ወዲያ ከሰዓት በኋላ በምትነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ እያባበለች ቀስ ብላ ታስቀራለች። ገላነሽም ቀረች። አላገባችም፣ አልወለደችም፤ የከተማው እኩሌታ ግን «ቲቸር» ይላታል። ፈረስ መጋላ ላይ ጢም ያወጣ የታክሲ ረዳት አይቷት አፉ ውስጥ ያለውን ጫት ወደ ጉንጩ ሲሸሽግ፣ ያ ሰው አንድ ጊዜ «ሠ»ን ገልብጦ ጽፎላት እንደነበር ታስታውሳለች።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባደድ ሲል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከዛፍ ሥር ነጠላዋን አጣፍታ በነፍስ አባቷ በመምሬ ኒቆዲሞስ ፊት የቆመችው። የመጣችበት ጉዳይ ሌሊት እንቅልፍ የነሳት የደስታ ጉዳይ ነበር። ኤደን የምትባል የድሮ ተማሪዋ ሴት ልጅ ወልዳ፣ «ቲቸር፣ የክርስትና እናቷ እርስዎ ይሁኑልኝ» ብላታለች። ጥምቀቱ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ነው። ገላነሽ ይህን ስትሰማ ዘወር ብላ የኤደንን መጋረጃ ስታስተካክል ቆየች። መጋረጃው ምንም አልሆነም ነበር።

«በፋሲካ ቆርበሽ ሕፃኗን ትቀበያለሽ» አሉ መምሬ ኒቆዲሞስ። «ደግ ነው። ከዚያ በፊት ግን በልብሽ የያዝሽው ሰው አለ?»

«ማንም የለም አባቴ» አለች። የነጠላዋን ጫፍ ጎተተችና፣ «ከዚያችኛዋ በቀር» ብላ ጨመረች።

«ማን ናት ያችኛዋ?»

«ያቺው ናት።»

«ስም የላትም?»

«ኤልሳቤጥ» አለች ገላነሽ፣ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ፊቷን አጨማድዳ።

ኤልሳቤጥ የወታደር ባል ተከትላ ሐረር የገባች፣ ባሏን ቀብራ አራት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ጀጎል ውስጥ፣ በሳፊያ ግቢ፣ በሯ ከገላነሽ በር ጋር ፊት ለፊት ነው። ሁለቱ ሴቶች ከተኳረፉ ወዲህ ፋሲካው ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፤ እነሱ ግን የእግዚአብሔር ሰላምታ እንኳ ተነፋፍገዋል።

«ምን አደረገችሽ?»

«መካን አለችኝ። በሰው ፊት።»

መምሬ ኒቆዲሞስ ጢማቸውን ዳሰሱ። ከዚያም፣ «እንግዲያው ቀኖናሽ ይህ ነው» አሉ። «ኤልሳቤጥን ውደጂ።»

«ስግደት ይስጡኝ አባቴ።»

«አልሰጥም።»

«ጉልበቴ ገና ነው! እስከ ፋሲካ ስሰግድ ልደር።»

«ጉልበትሽን አውቀዋለሁ። አንቺን ያስቸገረሽ ከጉልበት በላይ ያለው ነው።»

«በውሃና በቆሎ ብቻ ልሰንብት።»

«ሆድሽ ምን በደለ?»

«አባቴ፣ ፍቅር በትእዛዝ ይመጣል እንዴ? እኔ አስተማሪ ነኝ። ተቀመጥ ይባላል፣ ጻፍ ይባላል፤ ውደድ ይባላል?»

«ጌታ ብሎታል እኮ። እርስ በርሳችሁ ተዋደዱ ብሎ ሲያዝ፣ ደስ ካላችሁ የሚል ነገር አልጨመረበትም። ደስ የሚሉንን ለመውደድማ ምን ትእዛዝ ያሻል? ልጅ ከረሜላ ብላ ተብሎ ይታዘዛል?»

«እሺ፣ ካልወደድኳትስ?»

«ሌላ የክርስትና እናት ይፈለጋላ። ያቺን ሕፃን ሃይማኖት ልታስተምሪያት አይደል የምትቀበያት? ራስሽ የዘለልሽውን ትምህርት ለሌላ ልታስተምሪ ነው?»

ይህችኛዋ አጥንት ሰበረች። ገላነሽ በማስተማር ዘመኗ ሳታጠና ክፍል ገብታ አታውቅም። መስቀል ተሳልማ ወጣች፤ በፈረስ መጋላ ጩኸት መካከል እየሄደች፣ ከራሷ ጋር እየተሟገተች፣ የግቢዋ መንገድ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ወሰነች፦ ትእዛዝ ከሆነ ትእዛዝ ይፈጸማል። ለዚያውም አንደኛ ሆኖ።

ግቢው ውስጥ ሳፊያ ከሸዋ በር ገበያ ተመልሳ፣ ያልተሸጡ ዱባዎቿን ግድግዳ ጥግ ታሰልፋለች። ሳፊያ የግቢው ባለቤት ናት፤ ከገጠር በጋብቻ ወደ ከተማ የገባች፣ አትክልት የምትሸጥ፣ ምላሷ ከበርበሬዋ የማይተናነስ ሴት።

«ምነው ፊትሽ? ቄሱ ገረፉሽ?» አለች ገና ከበሩ።

ገላነሽ ወደ ኤልሳቤጥ በር አየች። ዝግ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለማንም እንዳትነግሪ። አማና!»

«አማና ከተባለ መቃብር ነኝ።»

«ኤልሳቤጥን ውደጂ አሉኝ።»

ሳፊያ የያዘችውን ዱባ አስቀመጠች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። የሳቀችበት ልክ ከቀልዱ ልክ የበለጠ መሰላት ለገላነሽ፤ ግን አልመረመረችውም።

«ያ ረቢ» አለች ሳፊያ እንባዋን እየጠረገች። «እና ከየት ልትጀምሪ ነው?»

«ከስልጆ» አለች ገላነሽ።

ስልጆ ላይ እጇ የታወቀ ነው፤ ሰናፍጩ አፍንጫን ሳይሆን ነፍስን ነው የሚቀሰቅሰው። በሳህን አድርጋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና፣ ኤልሳቤጥ ደጃፍ ላይ አስቀመጠችና በሩን ቆርቁራ ሮጠች። በዚያ ዕድሜ መሮጥ! በሯን ገርበብ አድርጋ ስታሾልቅ፣ ኤልሳቤጥ ወጥታ ሳህኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ደግሞ ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ ይዛው ገባች።

ሰው ቤት የሄደ ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ይህ ሁሉም የሚያውቀው ነው። በማግሥቱ ሳህኑ ገላነሽ ደጃፍ ላይ ተገኘ። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት የተልባ ፍትፍት ሞልቶበታል። ገላነሽ አንድ ጉርሻ ቀመሰች። ጥሩ ነው። ሌላ ጎረሰች። በጣም ጥሩ ነው። ደሟ ፈላ።

«ልትበልጠኝ ነዋ» አለች።

በሚቀጥለው ቀን ሽምብራ አሳ ሠራች። ሳህኑ በሽምብራ አሳው ፋንታ ትኩስ የምስር ሳምቡሳ ተሸክሞ ተመለሰ። ገላነሽ ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥታ የኤልሳቤጥን ደጃፍ ጠረገች። በማግሥቱ ልትጠርግ ስትወጣ የራሷ ደጃፍ ተጠርጎ፣ አቧራ እንዳይነሣ ውሃ ተረጭቶበት አገኘችው። በሦስተኛው ቀን የበለጠ ማለደች፤ መጥረጊያ ይዛ ስትወጣ ኤልሳቤጥም መጥረጊያ ይዛ በሯ ላይ ቆማለች። በድንግዝግዙ ተያዩ። ሁለቱም ያልመጡበትን ነገር ለማድረግ የመጡ መስለው፣ አንዷ ሰማዩን፣ አንዷ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

አንድ ቀን ደግሞ ገላነሽ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ጠፍቶ የሰነበተው የቧንቧ ውሃ መጣ። «የኔ ጄሪካን ባዶውን ሊቀር ነው» እያለች በጀጎል ዳገት እያለከለከች ደረሰች። ውሃው ሄዷል። ጄሪካኖቿ ግን በሯ ላይ ሞልተው፣ ክዳናቸው ተጠብቆ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ተሰልፈዋል።

«ማነው የቀዳልኝ?» አለች ሳፊያን።

«ጅኒ ይሆናላ» አለች ሳፊያ፣ ፊቷን ወደ ዱባዋ አዙራ።

ገላነሽ እዚያው ጄሪካኖቿ አጠገብ ቆመች። ስትወጃት የምትወድሽ ሰው አንድ ነገር ነው፤ ስትወጃት በፍቅር የምትቀድምሽ ሰው ግን ምን ትባላለች? እንዲህ ያለች ጠላት በመጽሐፍም አላነበበችም።

ሕማማት ገባ። በሕማማት ሰላምታ የለም። ይሁዳ ጌታውን በመሳም ስለሸጠ፣ ምእመናን ሳምንቱን ሙሉ አይሳሳሙም፣ አይጨባበጡም። ገላነሽ ይህን ስታስብ በድብቅ እፎይ አለች፤ ሦስት ዓመት ያለ ሕግ ስታደርገው የኖረችውን አሁን በሕግ ልታደርገው ነው። እፎይታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ፋሲካ ደርሷል፤ ዕርቅ ደግሞ ያለ ሰላምታ እንዴት ይሆናል? ወደ ነፍስ አባቷ እንዳትሄድ፣ በሕማማት ፍትሐትም የለም። ሥርዓቱ ሁሉ በአንድ ላይ በር የዘጋባት መሰላት። ሌሊት የኤደን ሕፃን በሌላ ሴት ክንድ ላይ ሆና እየታየቻት ተገላበጠች።

ማክሰኞ ዕለት ከሸዋ በር ለጉልባን የሚሆን ባቄላና ስንዴ ገዝታ ስትመለስ፣ ከኤልሳቤጥ ጋር መንገድ ላይ ተገናኙ። ወደ ግቢያቸው የሚያስገባው መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። የጥንት ሰዎች ሆን ብለው ነው ያጠበቡት ይባላል፤ የተጣሉ ሰዎች ሳይነጋገሩ እንዳይተላለፉ። የጥንት ሰዎች ግን ገላነሽንና ኤልሳቤጥን አያውቋቸውም። መሐል መንገድ ላይ ቆሙ። አንዷም ወደ ኋላ አላለችም። ግራና ቀኝ ያለው አረንጓዴና ሐምራዊ ቅብ ግንብ ዝም ብሎ ያያቸዋል።

በዚህ ላይ ከገላነሽ ጀርባ ማገዶ የጫነች አህያ መጣች፤ ከኋላዋ ባለቤቷ ሙሜ የሚባለው ገበሬ።

«እናቶች! እለፉ እንጂ አቦ!» አለ።

ማንም አልተነቃነቀም።

«እኔ እችላለሁ» አለ ሙሜ። «አህያዋ ግን ኩርፊያ አታውቅም።»

አህያዋም እውነቷን ነበር፤ መጣች። ሁለቱ ሴቶች እኩል ዘልለው፣ ግንቡ ውስጥ ገባ ያለች አንዲት የተዘጋች በር ሥር ተወሸቁ። አህያዋ ማገዶዋን እያንጓጓች እስክታልፍ ደረት ለደረት፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ሆነው ቆሙ። እንዳይሳሳሙ አንገታቸውን ወደ ኋላ አጥፈው፣ እንዳይነካኩ እጃቸውን አንሥተው፣ የተማረኩ ወታደሮች መስለው።

ያን ጊዜ ነው ገላነሽ የኤልሳቤጥን ፊት ከዓመታት በኋላ ያየችው። ሽፋሽፍቷ ነጭ ሆኗል። ከግራ ዓይኗ ጥግ ደመና የምትመስል ነጥብ ተቀምጣለች። ከነጠላዋ የጤና አዳም ሽታ ይወጣል። «መቼ አረጀች?» አለች በሆዷ። በየቀኑ በሯ ላይ የምታያት ሴት፣ እሷ ፊቷን አዙራ ሳለች፣ ማንንም ሳታስፈቅድ አርጅታለች። አንድ ነገር ልትል አፏ ተከፈተ። አህያዋ አለፈች። ኤልሳቤጥም አለፈች።

ረቡዕ ጠዋት ገላነሽ ባቄላዋን እየለቀመች ከሳፊያ አጠገብ ተቀመጠች።

«አንቺ ምስክር ነሽ» አለች። «እኔ ይኸው እየወደድኳት ነው። ግን መካን ያለችኝን እንዴት ልርሳው?»

«ብላሻለች» አለች ሳፊያ። «መጥፎ ቃል ነው፤ እኔም ተቆጥቻታለሁ። ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት ምን?»

«ስለ ናትናኤል የተባለውን ነዋ።»

ናትናኤል የኤልሳቤጥ የበኩር ልጅ ነው። ለሥራ ብሎ ወጥቶ ድምፁ የጠፋ፣ በበዓል እንኳ የማይደውል።

«በዓመት በዓል እንኳ የማይደውል ልጅ ከመውለድ ሳይወልዱ መቅረት ይሻላል» አለች ሳፊያ፣ የገላነሽን የአስተማሪ ድምፅ አስመስላ። «ይህን ማን አለ? ቧንቧው ነው የተናገረው?»

«እሱማ እሷ መካን ካለችኝ በኋላ ነው።»

«በፊት ነው።»

«በኋላ ነው!»

«ወላሂ፣ እዚህች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር! በውሃ ወረፋ ተጣላችሁ፤ አንቺ ስለ ልጇ ተናገርሽ። እሷ መጀመሪያ ዝም አለች። እኔ ደንግጬ አየኋት። ከዚያ ነው ያን ቃል ያወጣችው።»

ገላነሽ ባቄላ መልቀሟን ቀጠለች። ደኅናውን ከነቀዙ ጋር እየቀላቀለች እንደሆነ ያየችው ሳፊያ ብቻ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ታሪኩን ለራሷ ስትተርክ፣ የኋላውን ከፊት፣ የፊቱን ከኋላ አድርጋ፣ አሳምራ ስታነበው ኖራለች። ተማሪ እንዲህ አገለባብጦ ቢያመጣላት በቀይ እስክሪብቶ ታሰምርበት ነበር።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። ቲቸር ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ አይደለም መስሎኝ።»

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። ገላነሽ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። መምሬ ኒቆዲሞስ ወገባቸውን ታጥቀው፣ ውሃና የወይን ቅጠል ይዘው፣ የምእመናኑን እግር እያጠቡ መጡ። የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የጎበጠ አውራ ጣት፣ በጫማ የተላጠ ቁርጭምጭሚት፤ አንዱንም ሳይመርጡ። ለካ ተዋደዱ የሚለው አዲስ ትእዛዝ የተሰጠው በዚህ ምሽት ነው፤ እግር ታጥቦ ሳያልቅ፣ ውሃው ገና ሳይደፋ። ገላነሽ ይህን ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ዛሬ ግን የኚያ ሽማግሌ ቀዝቃዛ እጅ እግሯን ሲይዘው ደነገጠች። ፍቅር እስከ አሁን ደረት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ይመስላት ነበር፤ እዚህ ግን ጎንበስ ብሎ ውሃ ውስጥ ነው ያለው። የጌታም እጅ የይሁዳን እግር አጥቧል። ደስ ብሎት ይሆን?

እያሰበች ቤቷ ገባች። ጉልባኑን ቀቅላ፣ በጎድጓዳ ሳህን አድርጋ፣ በረጅሙ ተንፍሳ በሯን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት የኤልሳቤጥም በር ተከፈተ። ኤልሳቤጥም ጎድጓዳ ሳህን ይዛለች። እንፋሎት ይወጣዋል። ሁለቱም መሐል ግቢ ላይ ደርሰው ቆሙ። ሁለት ሳህን ጉልባን፣ ሁለት አሮጊት፤ ሳፊያ ደግሞ ዱባዎቿ መሐል ተቀምጣ፣ ትንፋሽዋን ይዛ።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴት?» አለች ገላነሽ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ሆነ።

«አንቺን ምን ነካሽ?»

«እኔ ጉልባን ላደርስሽ ነው።»

«እኔም ጉልባን ላደርስሽ ነው።»

«ደጃፌን የምትጠርጊው፣ ውሃ የምትቀጂልኝ... ማን አዞሽ ነው?»

ኤልሳቤጥ ዓይኗን ሰበረች። «ያንቺን ስልጆስ ማን አዞት ነው?»

ሁለቱም በአንድ ድምፅ፣ «መምሬ ኒቆዲሞስ!» አሉ።

ሳፊያ ፈነዳች። ዱባ አቅፋ እስክትንከባለል ሳቀች። «አልሐምዱሊላህ! ወጣልኝ! ሁለታችሁም በአንድ ሳምንት መጥታችሁ አማና አላችሁኝ። ወላሂ፣ ሰባት ልጅ አርግዣለሁ፤ አንዱም እንደዚህ አልከበደኝም!»

ገላነሽ ግን አልሳቀችም። ሳህኗ እጇ ላይ ከበዳት። «እንግዲያው ታዘሽ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ያ ሁሉ ውሃ፣ ያ ሁሉ ተልባ፤ ቀኖናሽን ልትጨርሺ ነው እንጂ ለኔ አይደለም።» ሳህኑን እንደያዘች ገብታ በሯን ዘጋች።

አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ተናድዳለች፤ ከሁሉ የሚያናድዳት ደግሞ መናደዷ ነው። እሷስ ታዛ አይደል? ታዲያ የራሷ ትእዛዝ ቅዱስ፣ የኤልሳቤጥ ትእዛዝ ማታለል የሆነው በምን ሂሳብ ነው? ደግሞም ውሃው ውሃ ነበር፤ ጠጥታዋለች። ተልባውም ተልባ ነበር፤ በልታዋለች።

ክፍሏን አስታወሰች። «ደብተር አውጡ፣ ጻፉ» ስትል ማን ነበር በፍቅር የጀመረ? አንዱ እርሳሱን ያኝካል፣ ሌላው መስኮት መስኮቱን ያያል። ስለታዘዙ ነው የጻፉት። ግን ከነዚያ መሐል አንዳንዱ፣ ደወል ተደውሎ ጓደኞቹ ሲወጡ፣ አንገቱን ደፍቶ መጻፉን ይቀጥል ነበር። ሂድ እያለችው አይሄድም። በየትኛው መስመር ላይ ትእዛዙ አልቆ የራሱ እንደጀመረ እሱም አያውቅ፣ እሷም አታውቅ። ኤደን ከነዚያ አንዷ ነበረች።

የኤልሳቤጥን ነጭ ሽፋሽፍትም አስታወሰች። እሱን እንድታይ ማንም አላዘዛትም።

ተነሥታ ወጣች። ኤልሳቤጥ እዚያው፣ ጉልባኗን እንደያዘች፣ ከሳፊያ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች።

«ያን ቀን እኔ ነኝ የጀመርኩት» አለች ገላነሽ ቆማ። «በናትናኤል።»

«አውቃለሁ» አለች ኤልሳቤጥ።

«ታዲያ ሦስት ዓመት ዝም ትዪኛለሽ?»

«አስተማሪ ነሽ፤ ራሷ ታርመዋለች ብዬ ነዋ።» የሳህኗን ጠርዝ በጣቷ ጠረገች። «እኔም ያልኩሽን... እንዳልኩት መልሼ ልውጠው ስል አፌ ላይ ቆመ። አፈርኩ። ስታፍሪ ደግሞ መኳረፍ ይቀላል።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር።»

መሳሳም አማራቸው፤ አልተቻለም። ቆመው ቀሩ። ያን ጊዜ ገላነሽ ለኤደንም፣ ለነፍስ አባቷም፣ ለሳፊያም ያልነገረችውን ነገር፣ ለዚያች ክፉ ቃል ለተናገረቻት ሴት ተናገረችው።

«ኤልሳ» አለች። «ሕፃን እንዴት ነው የሚታቀፈው?»

ሳፊያ ያቀፈችውን ዱባ አስቀመጠች።

«እስከ ዛሬ አቅፌ አላውቅም። ሰው ሲሰጠኝ ጉንፋን ይዞኛል እላለሁ። ከውሃ ስትወጣ እርጥብ ናት፣ ትንሸራተታለች። ቄሱ ሲያቀብሉኝ ብጥላትስ?»

ኤልሳቤጥ የዛሬ ሦስት ዓመት የወረወረችው ቃል የት አርፎ እንደከረመ አሁን ነው ያየችው። ከዚያ ሳህኗን አስቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከሳፊያ ሰልፍ ውስጥ መካከለኛ ዱባ መርጣ አነሣች።

«ዱባዬን!» አለች ሳፊያ።

«ዝም በይ፣ ክርስትና ላስነሣት ነው» አለች ኤልሳቤጥ፣ ዱባውን አጠገቧ ባለ ባልዲ ውሃ ውስጥ እየነከረች። «ነይ ገላዬ። ግራ ክንድሽን እጠፊ። እንዲህ አይደለም፤ ደብተር አይደለም የምትይዢው። ጭንቅላቷ እዚህ፣ ክርንሽ ላይ። ቀኝ እጅሽ ከታች። አትጨናነቂ፣ ስትጨናነቂ ነው የሚያለቅሱት።»

«ዱባው አያለቅስ።»

«አንቺ ልታለቅሺ ነው እኮ።»

ኤልሳቤጥ እጆቿን ይዛ አስተካከለችላት። ሳፊያ ጣቷን ቀሰረች፤ «እናንተ፣ በዚህ ሳምንት መነካካት ክልክል አይደል?»

«ይሄ ሰላምታ አይደለም» አለች ገላነሽ፣ ከዱባው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል። «ትምህርት ነው።»

«እኛም ዘንድ የጎረቤት ሐቅ ትእዛዝ ነው» አለች ሳፊያ። «በዱባ ይሁን የሚል ግን አልሰማሁም።»

ሁለቱም በፋሲካ ቆረቡ። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት መምሬ ኒቆዲሞስ የኤደንን ልጅ ከውሃው አውጥተው፣ እርጥብና ቁጡ እንደሆነች፣ ወደ ገላነሽ ክንድ አቀበሏት። ሕፃኗ ግቢውን የሚሞላ ጩኸት ለቀቀች። ከሴቶቹ መሐል አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ጭንቅላቷን! ጭንቅላቷን ደግፊ!»

«ደግፌያለሁ!» አለች ገላነሽ ዞር ሳትል።

«ክርንሽን ከፍ!»

መምሬ ኒቆዲሞስ ጸሎታቸውን አቋርጠው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩ። ቀኖና የሰጧቸው ሁለት ሴቶች ጥምቀት ሲያውኩባቸው ምን እንደሚሉ የጠፋቸው ይመስላሉ። ፈገግታቸውን ጢማቸው ውስጥ ቀበሩና ቀጠሉ።

ኤደን ቤት ከገቡ በኋላ ገላነሽ ሕፃኗን አልለቅ አለች። ምሳ ቀረበ፤ በአንድ እጇ ጎረሰች። አያቷ ጠየቁ፤ «ገና መተኛቷ ነው» አለች። አክስቷ ጠየቀች፤ «ልትነቃ ነው» አለች። እናቷ ኤደን ራሷ፣ «ቲቸር፣ ይደክምዎታል» ብትል፣ «አንቺ ብዪ ልጄ» አለቻት። የሕፃኗ ትንፋሽ አንገቷ ሥር ሲሞቅ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ያህል የሚከብድ ቀላል ነገር ይዛ እንደማታውቅ ተገረመች።

ኤልሳቤጥ ከጎኗ ተቀምጣለች። ልያዛት አላለችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ፣ የሕፃኗን የእግር ጣቶች ብቻ ታያለች። የናትናኤልም እግር እንዲህ ያለ ሆኖ ያውቅ ይሆናል። ገላነሽ አየቻት። ማንም ምንም አላዘዘም።

«ኤልሳ» አለች። «ያዢያት እስቲ፣ ክንዴ ዛለ።»

ክንዷ ግን አልዛለም ነበር።